የሩት ጆንያ ጠፈር የገባበት ሳምንት

«አንቺን ከመላክ ዕቃውን ብቻውን መላክ ይሻል ነበር!» አለችኝ እናቴ፣ ቦሌ በር ላይ፣ ሰው እየሰማ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ፓስፖርቴን ታክሲው ውስጥ ጥዬ ወርጄ፣ አባቴ በሩጫ ታክሲውን አስቁሞ አምጥቶልኝ፣ እያለከለከ አጠገባችን ቆሟል። የእኔም አፍ አያርፍም። «ዕቃ ብቻውን የሚሄድበት ዘመን ይምጣና እኔም ቤቴ እተኛለሁ» አልኳት። ዘመኑ መምጣቱን አላወቅሁም ነበር።

አካሄዴ እንዲህ ነው። አባቴ የአውሮፕላን መካኒክ ስለሆነ በዓመት አንድ ጊዜ ለቤተሰብ ነፃ ትኬት ይሰጠዋል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ትኬቱ ከሚቃጠል እኔ ልሂድ ተባለ። አትላንታ የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ታደሰ አሉ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ መገናኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው፤ ባለቤቱ ፈቃድ ሲሰጠኝ «ትመለሻለሽ አይደል?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠይቆኛል። ትኬቱ ነፃ ነው እንጂ ቦታው ነፃ አይደለም። ሌላው መንገደኛ ሁሉ ከተሳፈረ በኋላ ወንበር ከተረፈ ስምሽን ይጠሩሻል፤ ካልተረፈ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ቁጭ ማለት ደግሞ የእኔ ነገር አይደለም።

ሰው ሊሄድ ነው ሲባል ሰፈሩ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። «ትንሽ ናት፣ አትከብድሽም» እያለ ሁሉም አንድ ነገር ይዞ ይመጣል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ቋንጣ፣ አንዲቷማ ለልጇ የክረምት ካልሲ ልካለች፤ አሜሪካ ካልሲ የለም ያላት ማን እንደሆነ እንጃ። ካልሲውን ኮረሪማ ሞላሁበት። ጫማዬ ውስጥ ሽሮ፣ ሽሮው መሐል ደግሞ የአንዲት ሙሽራ የብር ጉትቻ ገባ። ሁለቱን ሻንጣ እናቴ ላያቸው ላይ ተቀምጣባቸው ነው የተዘጉት።

ዋሽንግተን ስደርስ ቋንጣው ተያዘ። የጉምሩኩ ሰውዬ ጓንት አጥልቆ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አነሳውና ምንድን ነው አለኝ። ሥጋ ነው አልኩ። ስንት ጊዜው ነው አለኝ። «ከኔ ይበልጣል» ብዬ ልቀልድ አሰብኩና እንግሊዝኛው አልመጣልኝም። ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሲገባ የእትዬ ዘውዴ ፊት ታየኝ። እትዬ ዘውዴ የጋሼ ባለቤት ናት፤ ቋንጣው ለእሷ የተላከ ነበር።

ወደ አትላንታ የሚሄዱት አውሮፕላኖች ሞልተው፣ የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ጥለውኝ ሄዱ። ወንበር ላይ ኩርምት ብዬ ሳለ አንዲት ፅዳት የምትሠራ ሴት አጠገቤ መጥረጊያዋን አቁማ «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ፣ በአማርኛ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ብነግራት የት ልታውቀው? ግን አስነግራኝ፣ ሰማችኝ፣ ሻይና የራሷን ሹራብ አምጥታ ሰጠችኝ። ሹራቡን በማን እመልሳለሁ ስላት «ለሌላ ለተጣለ ስጪልኝ» ብላኝ መጥረጊያዋን እየገፋች ሄደች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

ሐሙስ ከሰዓት አትላንታ ገባሁ። የአውሮፕላን ማረፊያው ከመሬት በታች የራሱ ባቡር አለው፤ ሻንጣሽ ጋ ለመድረስ ባቡር ትሳፈሪያለሽ። እኔ ቦሌ ከአውሮፕላን ወርጄ በእግሬ ሄጄ ሻንጣዬን የማነሳ ሰው ነኝ። ሻንጣዬን ደግሞ ሳላየው በፊት አሸተትኩት። ትልቁ በመንገድ ተተርትሮ በሚዞረው ላስቲክ ላይ ሽሮ እየነዛ መጣ። ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ መላጣ አጭር ሰውዬ ብቻ ወደፊት መጥቶ «አዜብ ነሽ፤ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም» አለኝ። ጋሼ ታደሰ ናቸው። ኤርፖርት አጠገብ ካለ ሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳሉ፤ ከሥራ ነው የመጡት፣ ዩኒፎርም ለብሰዋል። ክራቫታቸውን ፈተው ሻንጣውን አሰሩበት።

ቤታቸው ሊልበርን የሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ነው። ሃይዌዩ ላይ ስንገባ ከተማው የት አለ ብዬ ጠየቅሁ። «ውስጡ ነሽ» አሉኝ። እኔ የማየው ጫካ ነው! የእኛ እንጦጦ ከተማውን ከላይ ሆኖ ያየዋል፤ የእነሱ ጫካ ከተማውን ውጦታል። በየዛፉ ሥር ቤት አለ፣ በየቤቱ በር ሁለት ሦስት መኪና አለ፣ በእግሩ የሚሄድ ፍጥረት ግን የለም። እትዬ ዘውዴ በር ላይ አቅፋኝ አለቀሰች፣ ከዚያ ቋንጣውን ጠየቀችኝ፣ ከዚያ እንደገና አለቀሰች። እኔን ምድር ቤት አሳደሩኝ፤ ቤዝመንት ይሉታል። ምንጣፍ፣ ሶፋ፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው ነው። ገርጂ ብናከራየው አንድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ይገባበታል።

ማታ ልጃቸው ሩት ከምትኖርበት ከአቮንዴል እስቴትስ መጣች። በአራት ዓመቷ ሄዳ እዚያው ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ኢንጂነር ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥፍሯን የምትበላ። ገና ስትገባ «ሃይ ዳድ፣ በላህ?» አለች። አባቷን «በላህ» ስትል ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን ለምደውታል። ከዚያ በክራቫት የታሰረውን ሻንጣ አየችና ቀጥ ብላ ቀረች።

«ኦ ማይ ጋድ። ዛሬ ይሄን ማየት አልነበረብኝም።»

«ምን ሆነሻል? ሽሮ ነው» አልኳት።

«ስፌቱ ነው የለቀቀው?»

«ስፌቱ ነው።»

ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ነገሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሰማይ ላይ ሰው የሚኖርበት ጣቢያ አለ፤ ይሄን ሬዲዮ ሰምቼ አውቃለሁ። የማላውቀው ግን ሰዎቹ እንደማንኛውም ቤተሰብ ዕቃ እንደሚላክላቸው ነው። ውሃ፣ አየር፣ ነዳጅ፣ ልብስ፣ ሽንኩርትና ፖም ሳይቀር። ይሄን የሚያደርሰው መርከብ ሰው የለበትም። ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ይፈልጋቸዋል፣ ራሱ ተጠግቶ በራቸው ላይ ይለጠፋል። ዕቃውን ካራገፉ በኋላ ቆሻሻቸውን ይጭኑበትና ሲወርድ አየር ላይ ተቃጥሎ ያልቃል። ዕቃው የታሸገበት ከረጢትም አብሮ ይቃጠላል። ሩት የምትሠራው ከረጢቱን ነው።

«እና አዲሱን ዲዛይን ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለች። «ዩ ኖው፣ ጣቢያው ውስጥ ማሽኑ ቀንም ሌሊትም ይጮሃል። የእኔ ባግ ሲራገፍ ስፌቱ ይፈታና ጠፍጣፋ ይሆናል። የሚተኙበት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ድምፁን ይቀንሳል። አይቃጠልም፣ ይቀራል።»

«ወፍጮ ቤት አጠገብ እንደሚተኛ ሰው ናቸዋ» አልኩ።

«ዊች ኢዝ ዋት?»

ወፍጮ ቤትን ማስረዳት ረጅም ሆነብኝና ተውኩት። ነገሩ ገብቶኛል። መርከቡ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። እንዲፈታ ተብሎ የተሰፋው ስፌት በመንገድ ላይ ከተፈታ ያ ሁሉ ዕቃ መርከቡ ውስጥ ይዝረከረካል፣ አለቃዋም ሥራውን እዘጋዋለሁ ብሏታል። የሚነሳው በማግስቱ ነው። እሷ ደግሞ እኔን ስታይ ያየችው የተተረተረ ሻንጣ ነው።

«አንቺ የሚያምር ነገር ይዘሽ መምጣት አትችይም?» አለች እትዬ ዘውዴ፣ ቋንጣውንም ጨምራ።

ጋሼ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። «እኔ ልንገርሽ» አሉኝ፣ ልጃቸውን ሳያዩ። «ይህን ሁሉ ዓመት በሌሊት ተነስቼ ያስተማርኳት ጆንያ እንድትሰፋ ነው። ጆንያ! ሰው ሲጠይቀኝ ኢንጂነር ናት እላለሁ፣ ምን ትሠራለች ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ። ተስማምተናል። ይሄ ካልሆነ በመስከረም ፋርማሲ ልትማር ትገባለች።»

«እሺ ብዬሃለሁ አይደል?» አለች ሩት። ጥፍሯን መብላት ጀመረች።

አርብ ጠዋት እትዬ ዘውዴ ግሪትስ የሚባል ነገር አቀረበችልኝ። ገንፎ ነው፤ ግን ስኳር ላድርግበት ወይስ ጨው እያሉ የሚከራከሩበት ገንፎ። መሐሉን ጎድጉጄ ቅቤና በርበሬ አደረግሁበት፤ እትዬ ዘውዴ ይህን ሁሉ ዓመት ስትኖር ይህ እንዴት ሳይታያት እንደቀረ ገረማት። ሳንጨርስ ሩት ደወለች። መርከቡ ተነስቷል፣ ደህና ወጥቷል፣ እሁድ ከሰዓት ጣቢያው ይደርሳል።

ሁሉም ሥራ ሲሄድ እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልኩም። ወጣሁ። ሊልበርን ውስጥ የእግረኛ መንገድ ይጀምርና መሐል ላይ ያልቃል፣ እንደተጣላ ሰው ትቶሽ ይሄዳል። ሣር ሣሩን ሄድኩ። ስመለስ ቤቱ ጠፋኝ። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው፤ አንድ ዓይነት በር፣ አንድ ዓይነት የፖስታ ሳጥን፣ አንድ ዓይነት ዛፍ። እኛ ሰፈር «ከቀይዋ ሱቅ ጀርባ፣ ውሻው ካለበት ግቢ ቀጥሎ» ብትይ ጨለማ ውስጥ ሳይቀር ትደርሻለሽ። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አሮጊት መኪናቸውን አቁመው ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ አሉኝ። በእግሬ የምሄደው ለደስታዬ ነው ስላቸው ይበልጥ ደነገጡ። አስገብተውኝ በየመንገዱ ሲያዞሩኝ ቆይተው፣ በመጨረሻ በር ላይ የደረቀ ሽሮ አየሁ፤ ሻንጣዬ ሲገባ ያፈሰሰው ነው። በዚያ ቤቱን አወቅሁ። ሴትዮዋ የእነጋሼ የግድግዳ ጎረቤት ሆነው ተገኙ።

ቅዳሜ ሩት ሥራ ቦታዋን አሳየችኝ፤ ኢስት ፖይንት ነው፣ አውሮፕላኖቹ ጣሪያውን ሊነኩ እየደረሱ የሚያርፉበት። የጠፈር ነገር ስትል የሚያብረቀርቅ ሕንፃ ጠብቄ ነበር። መጋዘን ነው። ውስጡ የልብስ ስፌት መኪና፣ ጥቅል ጥቅል ነጭ ጨርቅ፣ ስፖንጅ። መርካቶ ያለ ፍራሽ ቤት ብትይው ትክክል ነሽ፤ ልዩነቱ ፀጉርሽን በቆብ ሳትሸፍኚ አያስገቡሽም፣ ምንም አትነኪም። እኔ ነካሁ። ሩት እጄን መታችኝ።

«ንገሪኝ እስቲ» አልኳት፣ «እሺ ያልሽው ለምንድን ነው? ፋርማሲ መግባት ትፈልጊያለሽ?»

«ኖ።»

«ታዲያ?»

«ዳድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ሲነሳ እሰማ ነበር። ትንሽ ልጅ ሆኜ። መኪናውን ስታርት ሲያደርግ። ያንን ለሰማ ሰው እሺ ነው የሚባለው» አለችና ጨርቁን አጣጠፈች። እንዲህ ያለ ረጅም አማርኛ ስትናገር ያን ቀን ብቻ ሰማኋት።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ይበላል። ሩት ሥራ ገብታለች። እኛ ካለንበት ጠረጴዛ ጋሽ መኮንን መጡ፤ ከጋሼ ጋር በአንድ ዘመን አሜሪካ የገቡ፣ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ፣ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። እትዬ ዘውዴ ለሚስታቸው በምስጢር ነግራ ነበር፤ ምስጢሩ ደርሷቸዋል።

«ታዴ! ያቺ ኢንጂነር ልጅህ ጆንያ ትሰፋለች ይባላል፣ እውነት ነው? የማዳበሪያ ነው የጤፍ?»

ጠረጴዛው ሳቀ። ጋሼ ሳህናቸውን አዩ። ወሬ ሊቀይሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ ወሬ አልመጣላቸውም። እኔ አላስቻለኝም።

«የጠፈር ነው!» አልኩ ከመቀመጫዬ ተነስቼ። «ዛሬ ከሰዓት ጠፈር ይገባል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። እርስዎም ይምጡና ይዩ። ሁላችሁም ኑ፣ ጋሼ ጠርተዋችኋል!»

መኪና ውስጥ ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ። «ቤቴን ማን ሰጠሽ?»

«ካልመጡስ?» አልኩ።

«ሐበሻ ተጠርቶ?» አለች እትዬ ዘውዴ፣ የሽንኩርቱን ብዛት በልቧ እያሰበች።

መጡ። በፎይል የተሸፈነ ትሪ፣ ድፎ ዳቦ፣ ለስላሳ በካርቶን ተሸክመው መጡ። ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩት ሐጂ ከድርም የተምር ሳጥን ይዘው ገቡ፤ ማን እንደጠራቸው አላውቅም። ወንበር ስላልበቃ ወጣቶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። የጠፈሩን ቻናል እኔ ነኝ የከፈትኩት። የሚታየው ጥቁርና ነጭ ነው፣ የድሮ የቀበሌ ቴሌቪዥን ይመስላል። ጥቁር ሰማይ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ የመስቀል ምልክት፣ እየቀረበች፣ እየቀረበች።

«መስቀል አለበት!» አለች አንዷ እናት፤ አማተበች።

«ለማነጣጠሪያ ነው» አሉ ሐጂ ከድር፣ እንደሚያውቅ ሰው።

መስቀሉ ቀረበ፣ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥ አለ። ከዚያ አንድ አዳራሽ ሙሉ ነጮች ሲያጨበጭቡ ታየ። እኔ «ገባ! ገባ!» ብዬ ዘለልኩ። እትዬ ዘውዴ እልልታዋን ለቀቀችው፣ ሴቶቹ ተቀበሏት፣ ድፎው ተቆረሰ። ጋሽ መኮንን እንኳ ተነስተው «እንኳን ደስ ያለህ ታዴ፣ በል ይቅር በለኝ» ብለው ጋሼን አቀፉ። ጋሼ ሊስቁ ትንሽ ሲቀራቸው በሩ ተከፈተና ሩት ገባች።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው? ገና ነው እኮ።»

«ደረሰ እኮ ልጄ!»

ቴሌቪዥኑን አየች። «እማዬ፣ እሱ ያለፈው መርከብ ነው። ቴፕ ነው። ተጽፎበታል።»

ተጽፎበታል። ከታች፣ ክንዴን በሚያህል ፊደል። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንግሊዝኛ ያነባል፤ አንድም ሰው አላነበበም።

እትዬ ዘውዴ ቁራሹን ዳቦ እጇ ላይ እንደያዘች አመድ መሰለች። «ሳይደርስ እልል አልንበት» አለች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ይህን ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። ለወለደችው እንጂ ልታምጥ ላለችው እልል አይባልም፤ በቃ አይባልም።

«ታዴ» አሉ ጋሽ መኮንን፣ «ያን እንኳን ደስ ያለህ መልስልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሩት ወለሉ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀመጠች። እኔ፣ ልብ በሉልኝ፣ ዝም አልኩ፤ ይህን ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም።

እውነተኛው ጀመረ። ያው ጥቁርና ነጭ፣ ያው መስቀል፣ ግን ትንሽ ነጥብ ሆኖ ከሩቅ። በጣም ቀስ ይላል። ገብስማ ፀጉር ያለው ሰው ጠርሙስ ከፍቶ መጠጣት ፈልጎ ድምፁን ፈርቶ ተወው። ከዚያ መርከቡ ቆመ። ምስሉ አይቀርብም፣ አይርቅም።

«ቆመ!» አሉ ጋሽ መኮንን። «ነዳጅ ጨረሰ። ሰው ቢኖርበት ወርዶ ይገፋው ነበር።»

የሩት አውራ ጣት አፏ ውስጥ ነው። የተነሱት ጋሼ ናቸው። ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው፣ ጎንበስ ብለው፣ አዲስ አበባ የአውቶቡስ ሾፌር በነበሩበት ዓይን አዩት።

«አላለቀበትም። እያየ ነው» አሉ። «ጠባብ በር ነው፣ ሚዛኑን እየጠበቀ ነው። እኔም ብሆን እቆማለሁ።»

«ዳድ፣ ኤግዛክትሊ» አለች ሩት በቀጭን ድምፅ።

ምስሉ ተነቃነቀ። መስቀሉ መቅረብ ጀመረ። ጋሼ እጃቸውን ዘርግተው፣ መዳፋቸውን ወደ ራሳቸው እያጠፉ፣ ወደ ኋላ የሚገባ አውቶቡስ እንደሚያስገባ ረዳት፣ ቀስ ብለው «ና» አሉ። «ና… ና… ትንሽ ቀኝ… ና…»

ሐጂ ከድር ተቀበሉ። «ና… ና…» ምንጣፉ ላይ ያሉት ወጣቶች ተቀበሉ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ፣ ቤቱ ሙሉ፣ እዚያ አሜሪካን ያህል አገር ውስጥ፣ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ሆነ። «ና! ና! ና! ና!» ጋሽ መኮንን ከሁሉ በላይ ይጮሃሉ። መስቀሉ ስክሪኑን ሞላው።

«በቃ!» አሉ ጋሼ። ምስሉ ተንቀጠቀጠ። ቆመ።

ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸው አፋቸው ላይ እንደሆነ ሩትን ያያሉ። እትዬ ዘውዴ «ይሄኛው ነው? የራሳችን ነው?» አለች። የሩት ስልክ ጮኸ። ሰማች። ስልኩን ወለሉ ላይ ጣለችው።

«እማዬ፣ ያዘ። አሁን እልል በይ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን መጻፍ አልችልም፤ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ጋሽ መኮንን ጋሼን ከመሬት አንስተዋቸው ነበር። ያቺ አርብ ያደረሱኝ ጎረቤት ሴትዮ በር አንኳኩ፤ ማን አገባ ብለው ጠየቁ። «ማንም አላገባም» አልኳቸው በእንግሊዝኛዬ፣ «ዕቃ ደርሶ ነው።» አስገብተን ድፎ አበላናቸው።

ሰው ሲበተን ጋሼ ሳህን እያነሱ ሩትን አይተዋት «መርከቡ ደረሰ» አሉ። «ጆንያውስ?»

ጆንያው ገና ነው። ሰኞ የጣቢያው ሰዎች የመርከቡን በር ከፈቱ፤ ፖምና ሽንኩርት ሸተተን ብለዋል አሉ። ስለ ሩት ከረጢት ግን ምንም የለም። ከኋላ ስለተጫነ ተራው አልደረሰም። ማክሰኞም የለም። ሩት ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ወጥ ትበላለች፣ ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። እኔ ሊልበርንን በእግሬ ዞሬ ጨረስኩ፤ አሁን መኪናዎቹ እያወቁኝ እጅ ይነሱኛል።

የእኔም ነገር ደረሰ። ረቡዕ አንድ ወንበር ሊገኝ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ የለም ተባለ። ማክሰኞ ማታ ሩት የተተረተረውን ሻንጣዬን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ቆልማማ መርፌና ወፍራም ክር ይዛ ተቀመጠች።

«ያው ስፌት ነው» አለችኝ። «አንድ ጫፍ አለው። እሱን ካልሳብሽ አይፈታም። ቤትሽ ስትደርሺ ትስቢዋለሽ።»

«ከተተረተረስ?»

«በእኔ ስም ስደቢኝ።»

ጋሼ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ነበር። ሻንጣውን አንስተው በአየር ላይ አራገፉት፣ መሬት ላይ ወረወሩት፣ በእግራቸው ረገጡት። ምንም አልሆነም። ከዚያ ሊተኙ ሄዱ።

ረቡዕ ጠዋት ሩት ሥራ ሄዳ ነበር። እትዬ ዘውዴ ሻንጣዎቹን ሞላቻቸው፤ የሕፃን ልብስ፣ ቫይታሚን፣ ሽቶ፣ ለማላውቀው ሰው ሁለት ጫማ። የዋሽንግተኗ ሴት ሹራብ ላዬ ላይ ነው፤ መንገድ ላይ የሚበርደው ሰው ካገኘሁ ብዬ። ጋሼ በሥራ መኪናቸው ወሰዱኝ። ኤርፖርት በር ላይ ታክሲዎቹ በተራ ተሰልፈዋል፣ ከመሐላቸው ጋሽ መኮንን ከመኪናቸው ወጥተው እጃቸውን አወዛወዙልን። ጋሼ እንዳላዩ ሆነው አለፏቸው።

ሰልፍ ያዝን። ትኬት የምታየዋ ልጅ ወንበር እስካሁን የለም፣ ጠብቂ አለችኝ። ቆምን። ጋሼ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔ ከአንዱ እግሬ ወደ አንዱ እላለሁ። ስልካቸው ጮኸ። አንስተው «አቤት» አሉ፣ ሰሙ፣ ከዚያ ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።

ሩት እየጮኸች ነው። «አልተፈታም! አንድም ስፌት አልለቀቀም! አራገፉት፣ ጫፉን ሳቡት፣ ተዘረጋ! ግድግዳው ላይ ነው አዜብ፣ ፎቶ ልከዋል፣ ግድግዳው ላይ ነው! አንዱ ሥሩ ተኝቷል! ንገሪው፣ ለዳድ ንገሪው!»

«ጋሼ፣ ተዘርግቷል» አልኳቸው ስልኩን እየመለስኩላቸው። «ሥሩ ሰው ተኝቷል።»

ሰምተዋል። ዓይናቸው ሞልቷል። ከኋላችን የቆመውን ባርኔጣ ያደረገ ረጅም ሰውዬ ዞረው አዩትና ሻንጣዬን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይህን የሰፋችው ልጄ ናት» አሉት በእንግሊዝኛ። «ልጄ ጆንያ ሰፊ ናት።» ሰውየው ጥሩ ነው አለ። ለእሳቸው አልበቃቸውም። ሚዛን ላይ ዕቃ የምትጭነዋን ልጅ ጠርተው ነገሯት። ጠራጊውን አስቁመው ነገሩት።

«ሚስ አዜብ!» አለች ትኬት የምታየዋ ልጅ። «አንድ ቦታ ተገኝቷል። አሁኑኑ ከገባሽ ነው።»

«ጋሼ!» ብዬ ዞርኩ። የሉም። መስታወቱን በር ገፍተው ወጥተው፣ ክራቫታቸው ትከሻቸው ላይ ተገልብጦ፣ በታክሲዎቹ ሰልፍ መሐል እየሮጡ ነው። በሩ ተመልሶ እስኪዘጋ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር።

«መኮንን! መኮንን! ውረድ ከመኪናህ! ጆንያ ሰፊዋ ልጄ…»

ሻንጣዎቹን ሚዛኑ ላይ ጫንኩ፣ ትኬቴን ተቀበልኩና ገባሁ።